መርዶ ያልመጣላቸው

ድሬዳዋ በተወለድኩበት ሰፈር የእድር መዝገብ ውስጥ ስሜ አለ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቦታዋን የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ወርኃዊውን መዋጮ ከቶሮንቶ እልካለሁ፣ እኅቴ ትከፍልልኛለች። ሰፈርተኛ ሲሞት ቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል፤ ባሕር ማዶ ያለ ግን አይቀጣም። ድንኳን ሲተከል አልኖርም፣ ሬሳ ሲሸኝም አልኖርም፤ መዝገቡ ግን እንዳለሁ ይቆጥረኛል። እኔም በዚህ ደስ ይለኛል።

በድሬዳዋ ሄዶ መቅረት ብርቅ አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ የሐረርን ዳገት መውጣት ስለከበደው በቆላው ቀረ፣ ሰውም ተከትሎት ወረደ። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ መጥቶ ኖሮ ሄዷል። ባቡሩም ራሱ ሄዷል። የከዚራ ሽማግሌዎች ስለ አሮጌው ባቡር ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ የእነሱን ናፍቆት አላስታገሠላቸውም። ቢሆንም ባቡሩ ለምን እንደቀረ ያውቃሉ፤ ጋራዡና ፉርጎው እዚያው ቆሟል፣ ሄደው ያዩታል።

የሄደን ሰው እንዴት እንደምንይዝ እናውቃለን። የሞተንም እናውቃለን፤ በዚህስ ማንም አይበልጠንም። ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው መርዶ ያረዳሉ፤ እናት ብቻዋን እንዳትሰማ አስቀድሞ ጎረቤት ይነገረዋል። ዘመድ ባሕር ማዶ ቢሞት እንኳ ፎቶግራፉ ወጥቶ ይለቀስለታል። ሙስሊሙ ሬሳው በሌለበት ሰላተል ጋኢብ ይሰግድለታል፤ ክርስቲያኑ ጸሎተ ፍትሐት ያስደርጋል፣ አርባውን ያወጣል። እኛ እድር የምንለውን ሐረሪዎች አፎቻ ይሉታል፤ ሥራው ግን ያው ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው ነው።

ያስቸገረን ሦስተኛው ዓይነት ሰው ነው። ሄዷል እንዳይባል ያለበት አይታወቅም፣ ሞቷል እንዳይባል ያየው የለም።

አዴ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ልጃቸውን ያጡት በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ነው። ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል። አብዛኛውን ዓመት ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ እየቆረጠ ይሻገርበታል። በዚያ ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ውኃ ሰው እንደተኛ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የደረሱበት ሳይታወቅ የቀሩትም ብዙ ናቸው። የአዴ ልጅ ከወንዙ ዳር ባለች ሱቅ ውስጥ ያድር ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተሰደድኩም። የሰፈሩ ወንዶች አሸዋውን ተከትለን ወደ ታች ወረድን፣ የሌላ ሰው ልጆች አገኘን፣ የእሳቸውን አላገኘንም።

የእድሩ ዳኛና ጸሐፊው ወደ አዴ ቤት የገቡበትን ቀን አልረሳውም። ደንቡ ገንዘቡ የሚሰጠው ቀብር ሲኖር ነው ይላል፤ እነሱ ግን ደንቡን ሊጥሱላቸው ወስነው ነበር የመጡት።

«አዴ፣ ከፈቀዱልን ድንኳኑን እንትከል፤ ሰው ይሰብሰብልዎ» አሏቸው።

አዴም «ዛሬ ብትተክሉት ነገ ልጄ ሲመጣ ምን ልትሉት ነው?» ብለው መለሱ።

ሁለቱም ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አዴን ማን ሊከራከራቸው ይችላል? ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ምን ይዞ እንደሚገባና ምን እንደሚል ስለጠፋው ከአዴ ቤት እግሩ እየቀነሰ ሄደ። «እግዜር ያጥናሽ» ማለት ልጁን መግደል ሆነ፤ «ይመጣል» ማለትም ውሸት መሰለ። ልጃቸውን የቀበሩት ጎረቤቶቻቸው ሰው ሲሞላላቸው አዴ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር።

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል ይላል። ውሳኔው ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ ወራሾች ንብረቱን ይረከባሉ፤ ሰውየው ተመልሶ ቢመጣ ደግሞ የተረፈውን ይወስዳል። ለሱቅ፣ ለቤት ካርታ፣ ለባንክ ሒሳብ ጥሩ ሕግ ነው፤ ሚስትና ልጆች ያሉትን ሰው ቤተሰብ ከብዙ እንግልት ያድናል። የአዴ ልጅ ግን ወረቀት የሚያስፈልገው ንብረት አልነበረውም። አዴ ከዳኛ ፊት ቆመው «ልጄ ጠፍቷል» ብለው እንዲፈርሙ ማንም አልደፈረም።

በቅርቡ ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ለመሳለም ወደ አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ ያው ነገር ሌላ ቤት ገብቶ አገኘሁት። የሰፈራችን አንድ ወጣት በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ነበር። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ። ከኦቦክ ለእናቱ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እናቱ ስለት ይዘው ቁልቢ ወጥተው ነበር፤ ዳገቱን አብረን ስንወጣ ስለ ልጁ አንድም ቃል አልተናገሩም። ሲመለሱ ግን «አንተ ውጭ አገር ያለህ ነህ፣ ታውቃለህ፤ የት ይጠየቃል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ሰዎች ለደላላ ያቀርቡታል፤ ደላላውም አለ እያለ ገንዘብ ይቀበላል። ስለዚህ የማውቀውን በደንብ ልጻፈው፤ ለሌላ ቤት ይጠቅም ይሆናል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ ሥራ ይሠራል፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው። ጥያቄውን የሚያቀርበው ቤተሰብ ነው። የጠፋውን ሰው ስም እስከ አያት፣ የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቦታና ዘመን፣ ሰዎች የሚጠሩትን ቅጽል ስም፣ መጨረሻ ድምፁ የተሰማበትን ቦታና ቀን፣ አብረውት የነበሩትን ሰዎች ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ፣ በሰውነቱ ላይ ያለ ጠባሳ፣ የወለቀ ጥርስ ሁሉ ይጠቅማል። አድራሻው ተገኝቶ ስልክ ከሌለው ደግሞ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባል ክፍት ደብዳቤ አለ፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። ከልጁ ወንድም ጋር ሄደን ጥያቄውን አስገባን። ወንድሙ የመጨረሻዋን ጥሪ ቀን ከስልኩ አውጥቶ ሲያስመዘግብ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በስደት ላለነው አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በየበዓሉ፣ በየሠርጉ፣ በየዘፈኑ «ከአገራችን ጠፋን» እንላለን። ናፍቆቱ እውነት ነው፣ እኔም አለቅስበታለሁ። ነገር ግን የእኔ እኅት እኔን ስትፈልግ ስልኳን ታነሣለች። እኔ ብሞት የሚደውል አለ፣ ሬሳዬን የሚልክ ማኅበር አለ፣ ስሜ እድር መዝገብ ላይ አለ። ይህን ሁሉ ይዘን ከኦቦክ ወዲያ ድምፁ ከጠፋው ልጅ ጋር ራሳችንን አንድ ማድረግ አይገባንም።

ከመመለሴ በፊት ለእድሩ ጸሐፊ አንድ ሐሳብ በጽሑፍ ሰጠሁ። ወሬው የጠፋ ሰው ያለበት ቤት በመዝገቡ ውስጥ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ድንኳን አይተከል፣ «አለቀ» የሚል ቃል አይነገር፣ ነገር ግን አባላት በተራ በወር አንድ ጊዜ ቡናና ዳቦ ይዘው ይሂዱ፣ ለማፈላለጊያ መንገድና ስልክ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ከሣጥኑ ይውጣ። አንድ አዛውንት ተቃወሙኝ። «ልጄ፣ ይህ ሟርት ነው፤ ገጹ የተከፈተለት ቤት ልቅሶ እንደተጠራበት ይቆጥረዋል» አሉ። ክብደት ያለው ቃል ነው፤ አዴም ልክ እንዲህ ነበር የሚሉት። ስለዚህ ገጹ የሚከፈተው ቤተሰቡ ሲጠይቅ ብቻ ይሁን ብዬ ሐሳቡን አሻሻልኩት።

የቡናውን ነገር ግን አዴን ራሳቸውን ጠይቄያቸው ነበር። አሁን በጣም አርጅተዋል። «ያን ጊዜ ሰው ተራ ገብቶ ቢመጣልዎ ይከፋዎት ነበር?» አልኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ «ድንኳኑን እንጂ ሰውን መቼ እንቢ አልኩ?» አሉኝ።

ጉዳዩ በመስከረም ጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። በቶሮንቶ፣ በጂዳና በጅቡቲ ያላችሁ የእድሩ አባላት ድምፃችሁን በቤተሰቦቻችሁ በኩል ለጸሐፊው ላኩ። የምትቃወሙም ካላችሁ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ፤ ከስብሰባው በፊት ለአዛውንቱም አደርሰዋለሁ።