ገና አልመጣም

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከምሳ በኋላ ባለው የጸጥታ ንባብ ሰዓት አንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪዬ ያለችኝን ሳልረሳው ልጻፈው። ከ52ቱ ልጆች መካከል ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ፣ ደብተሯ ንጹሕ፣ መጽሐፍ ሲታደል ቀድማ የምትገልጥ ልጅ ናት። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ «ስለ ምንድን ነው የምታነቢው?» ስላት «ስለ ገና ነው፣ ቲቸር» አለችኝ። መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ አባቷ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ ደጃፍ ላይ ቆማ ስለምትጠብቅ ልጅ የሚተርክ፣ ሃያ ገጽ የማይሞላ ታሪክ ነው እንጂ በውስጡ በዓልም ዶሮም የለበትም። «እስኪ የቱ ጋ ነው?» አልኳት። ጣቷን ብቻውን በቆመ አንድ መስመር ላይ አሳረፈችና በሹክሹክታ፣ ነገር ግን «ና»ን አጥብቃ፣ አነበበችልኝ፦ «ገና አልመጣም።»

አልሳቅሁም። የተሳሳተችው በእርሷ ድክመት ብቻ አይደለምና። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን በዓሉ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ የትኛው እንደሆነ አይነግራትም። ዋና ሰውና የውኃ ዋና፣ «አለ» ብሎ መናገርና «አለ» ብሎ መኖር በጽሑፍ አንድ ናቸው። እኛ አዋቂዎች ዓረፍተ ነገሩን አስቀድመን ስለምንገምት መጥበቅና መላላቱን ሳናስተውለው እናልፈዋለን፤ ገና ፊደል ለመለየት የምትታገል ልጅ ግን ለግምት የሚተርፍ ጉልበት የላትም። ደግሞስ ወሩ ታኅሣሥ አይደል? ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ በየሱቁ ደጃፍ የምታየው የሚብለጨለጭ የገና ዛፍ ነው። በሩን፣ ልጅቱንና መንገዱን የሚያሳየውን ሥዕል በዓሉን ከምትጠብቅ ልጅ ጋር አስማምታ፣ አባትየው ጨርሶ የሌለበት የራሷን ታሪክ ሠርታ ነበር። መስመሩን አላልቼ ሳነብላት ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያም «እና አባቷ መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አንብቢዋ» አልኳት። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች።

የከነከነኝ ግን ይህ አይደለም። ይህችን ልጅ ከዚያ መጽሐፍ ጋር ለአራት ቀናት አይቻታለሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬም ከስሟ አጠገብ «ጎበዝ፣ በጸጥታ ታነባለች» ብዬ ጽፌአለሁ። ያወቅሁት ጸጥታዋን ብቻ ነበር።

ይህን የሃያ ደቂቃ ሰዓት በመስከረም ስጀምር እኔ ዘበኛ ነበርሁ። ማውራት የለም፣ ከንፈር ማንቀሳቀስ የለም፣ መጽሐፍ መለዋወጥ የለም። እነርሱ ሲያነቡ እኔ ደብተር አርም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሰዓቱን የወደድሁትም መጀመሪያ በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይተው «ክፍልሽ ሲያምር!» ብለውኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ከኋላ ዴስክ ያለ ልጅ ጎረቤቱ ገጽ በገለጠ ቁጥር አብሮ ሲገልጥ ደረስሁበት። የነቃሁበትም የጎረቤቱ መጽሐፍ ስለሚረዝም፣ የእርሱ መጨረሻ ሽፋን ላይ ደርሶ ያለ አንዳች መገረም ከመጀመሪያው ስለጀመረ ነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። የጠየቅሁትን በትክክል እየፈጸመ ነበር፤ የጠየቅሁት ደግሞ ዝም ብሎ ገጽ መግለጥን ነበር።

የጸጥታ ንባብ ልማድ እንደ ፕሮግራም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ነው፤ መምህሩም ተማሪውም መጽሐፍ ይዘው፣ ያለ ጥያቄና ያለ ፈተና፣ በጸጥታ እንዲያነቡ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2000 ሪፖርቱን ያወጣው ብሔራዊ የንባብ ፓነል የተባለ የባለሙያዎች ቡድን ግን ጥናቶቹን መርምሮ፣ ያለ መምህር ክትትልና ምላሽ የሚደረግ የጸጥታ ንባብ የንባብን ፍጥነትና ቅልጥፍና እንደሚያሻሽል የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ ገለጸ። ይህን ይዘው «የጸጥታ ንባብ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ፤ ሪፖርቱ ግን እንዲህ አላለም። እኔ ከዚያ የምወስደው «ያለ ክትትል» የሚለውን ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል እላለሁ፤ መጥበቅና መላላቱ የሚታረመው በጆሮ እንጂ በዓይን አይደለምና።

የቄስ ትምህርት ቤቱ ይህን ያውቅ ነበር። አያቴ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ደረጃዎች ሲያልፉ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለው ለየኔታ ማሰማት ነበረባቸው፤ ተነሽና ወዳቂው (የድምፁ መነሣትና መውደቅ)፣ የሚጠብቀውና የሚላላው እዚያው በቦታው ይታረማል፤ ዳዊት የሚደገመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አለንጋው እንዲመለስ አልሻም። ነገር ግን ንባብ የሚሰማው ጆሮ ነበረው፤ እኔ ያንን ጆሮ ወስጄ በምትኩ ጸጥታን ሰጠኋቸው።

ስለዚህ ከኅዳር ወዲህ በየቀኑ ከሦስት ልጆች አጠገብ ቁጢጥ እላለሁ። ከደረሱበት ገጽ ግማሹን ያንሾካሹኩልኛል፤ ሌላው ክፍል የራሱን ያነባል፤ ከንፈር ማንቀሳቀስም ተፈቅዷል። ሦስት ልጅ በቀን ማለት 52ቱን ለማዳረስ ወደ 18 የትምህርት ቀናት ይፈጃል፤ የዛሬዋ ልጅ ለአራት ቀናት በተሳሳተ ታሪክ የቆየችውም ተራዋ ስላልደረሰ ነው። መፍትሔ አላገኘሁለትም። በሰዓቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ካነበበው አንድ ነገር ለዴስክ ጓደኛው እንዲናገር ማድረጌ ጥቂት ይረዳል፤ ልጆች የማይመስል ነገር ሲሰሙ አይለቁም፤ «የታል? አሳየኝ» ይላሉ። ማጠቃለያ ማስጻፉን ትቼዋለሁ፤ ለሁለት ሳምንት ሞክሬው ሁሉም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ገልብጠው አስረከቡኝ። እኔም የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች የራሴን መጽሐፍ ይዤ አነባለሁ፤ ሲያስቀኝም እስቃለሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ ካልነገርኋቸው ደግሞ አያስቀምጡኝም።

መጽሐፍ መምረጡ የእነርሱ ነው፤ ጀምሮ መተውም ይቻላል። ችግሩ የሚመረጠው ጥቂት መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ተዛውረዋል፤ ሁለቱ የክፍላችንን መጻሕፍት ይዘው ነው የሄዱት፤ ሳስበው አላዝንም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ላይ በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ፣ ቅዳሜም ሥራ ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መሄድ አይችሉም። ስለዚህ ደመወዝ ስቀበል ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳሉት የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች እሄዳለሁ፤ አንዱ ለምዶኝ ቀጫጭን የልጆች መጽሐፍ ሲያገኝ «ለአስተማሪዋ» እያለ ይለይልኛል፤ በዋጋው ግን አይራራልኝም።

ነገ ተራው ከደረሳቸው አንዱ ያ የኋላ ዴስክ ልጅ ነው። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ስለ እንስሳት የሚናገር አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ ከዚያ ወዲያ አልሄደም፤ የጅቡ ገጽ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ይቆያል። ሥዕሉን እያየ ይሁን ከሥሩ ያሉትን አራት መስመሮች እያነበበ፣ ከሩቅ ሆኜ መለየት አልቻልሁም። ከእርሱ ልጀምር።