5 ላይሰንስ ለ11 ሰው

ቡድናችን 11 ሰው ነው። የምንሠራበት ኮምፓይለር (የጻፍነውን ኮድ ማሽን ወደሚያሄደው የሚቀይር ፕሮግራም) ግን ውድ ስለሆነ 5 ላይሰንስ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ብቻ ነበረን። ላይሰንሱ በስም የሚሰጥ አይደለም። ፕሮግራሙን የከፈተ ላይሰንስ ከሚያድለው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ይወስዳል፣ ሲዘጋ ይመልሳል። እንደ ቢሮ መኪና ቁልፍ በሉት።

ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን አምስቱም አልቀዋል። ከዚያ የቴሌግራም ግሩፓችን ሥራ አንድ ነው፦ «ማነው የያዘው? ልቀቁ እንጂ!» አለቃችን 3 ተጨማሪ እንግዛ አሉ። ክፍያው በዶላር ነው፤ ዶላር ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው።

ሰርቨሩ የሚሠራው ፍሌክስኤልኤም በሚባል ላይሰንስ አዳይ ፕሮግራም ነው። ኤልኤምስታት የምትባል ትዕዛዝ ማን፣ ከየትኛው ማሽን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደያዘ ታሳያለች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳያት ሁለቱን የያዙት መብራት ሲሄድ የጠፉ ኮምፒውተሮች ናቸው። እንዲያውም አንዱ ልጅ መብራት ሲመጣ ተመልሶ ከፍቶ ሌላ ወስዷል። ሦስተኛው የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኔ። አርብ ከፍቼው የሄድኩት።

ፕሮግራሙ በወጉ ሲዘጋ «መለስኩ» ይላል። መብራት ድርግም ሲል ግን የሚናገር የለም። ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ስለሆነ አይጠፋም፤ ሰውየው አሁንም ያለ ይመስለዋል። የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ዝም ያለን ግንኙነት «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚጀምረው፣ ካልነካካነው፣ ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው። 2 ሰዓት ሙሉ!

እሱን ወደ 600 አወረድኩት። የፍሌክስኤልኤም ደንቦች በሚጻፉበት በኦፕሽንስ ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ታይምአውትኦል 1800 ብዬ ጻፍኩ፤ ግማሽ ሰዓት ያልነካውን ይቀማዋል። ይህ የሚሠራው ፕሮግራሙ ራሱ ከፈቀደ ብቻ ነው፣ የኛው ይፈቅዳል።

ከዚያ ጉድ ሠራሁ። ፋይሉን ኤልኤምሪሪድ በምትባል ትዕዛዝ እንደገና ማስነበብ ሲበቃ፣ ሰርቨሩን በጠራራ ቀን ሪስታርት አደረግኩት። ዋናው ፕሮሰስ በ27000 ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ተመልሶ ተነሳ። ላይሰንሱን የሚሰጠው የሻጩ ፕሮሰስ ግን ፖርቱ ካልተጻፈለት ባገኘው ይነሳል። አዲሱን ፖርት ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደው ፋየርዎል ዘጋበት። 40 ደቂቃ ሙሉ ማንም ኮድ ኮምፓይል አላደረገም፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። መፍትሔው በላይሰንስ ፋይሉ የቬንደር (የሻጩ) መስመር ላይ ፖርቱን መጻፍ ነበር። አንዲት መስመር!

ሳምንቱ ሲያልቅ ለአለቃችን የሰርቨሩን ሎግ ይዤ ሄድኩ። ተከልክሎ የተመለሰ ሁሉ «ዲናይድ» ተብሎ እዚያ ይመዘገባል። ቀድሞ በየቀኑ ገጽ ይሞላ ነበር፤ አርብ ዕለት 3 ብቻ ነው። ያዩትና «እንግዲያው አንድ እንግዛ» አሉ።