በስሟ የተቃጠለ ቤት

ከፍራንክፈርት ሃይደልበርግ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከኮርንማርክት (የእህል ገበያ) አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥቱ በገመድ እየተጎተተ የሚወጣ ባቡር ቢኖርም ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። ጉልበት ያማርራል፤ ታች የሚታየው የኔካር ወንዝ ግን ይክሳል።

ወደዚህ ያመጣችኝ እ.ኤ.አ. በ1652 እዚሁ የተወለደችው ልዕልት ኤልሳቤት ሻርሎተ ናት። ጀርመኖች በቁልምጫ ሊዘሎተ ይሏታል። አባቷ ሃይደልበርግን የሚያጠቃልለው የፋልዝ ግዛት መስፍን ካርል ሉድቪግ፣ ሚስቱ ፍቺ አልቀበልም ብትለውም፣ በ1658 የእርሷኑ ደንገጡር አገባ፤ ከአሥር በላይ ልጆችም ወለደችለት። በዚህ ጭቅጭቅ መካከል ሊዘሎተ ሃኖቨር ወደምትኖረው አክስቷ ሶፊ ተላከች። ዕድሜ ልኳን የልቧን የምትጽፍላት ለዚች አክስት ነበር።

በ19 ዓመቷ ተዳረች። ካርል ሉድቪግ በሠላሳው ዓመት ጦርነት የደቀቀ አገሩን ከፈረንሳይ ክንድ ለማዳን ሲል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ወንድም፣ ለኦርሌአን መስፍን ፊሊፕ ሰጣት። በ1671 ሜትስ ከተማ ላይ የፕሮቴስታንት እምነቷን ትታ ካቶሊክ ሆነች፤ ጋብቻውም ሙሽራው በሌለበት በወኪል ተፈጸመ። የፊሊፕ ልብ ከወንዶች ጋር ነበር። ሦስት ልጆች ከወለዱ በኋላ መኝታ ለዩ፤ እርሷም እፎይ አለች፤ ይህንንም በደብዳቤዎቿ ሳትሸፋፍን ጽፋዋለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ርስቱ ነው። በጋብቻ ውሉ የፋልዝን ምድር እንደማትጠይቅ ቃል ገብታ ነበር። ወንድሟ በ1685 ያለ ልጅ ሲሞት ግን ሉዊ 14ኛ በእርሷ ስም ይገባኛል ብሎ ተነሣ። ጦሩ በ1688 ዘመተ፤ በ1689 ቤተ መንግሥቱን አቃጠለ፤ በ1693 ተመልሶ የቀረውን በባሩድ አፈረሰ። አባት አገሩን ይጠብቅልኛል ያለው ጋብቻ አገሩን ማቃጠያ ሰበብ ሆነ።

ያን ባሩድ የቀመሰው ግንብ ዛሬም አለ። የግድግዳው ውፍረት ስድስት ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ሳይበታተን እንዳለ ተገንጥሎ ወደ ቦዩ ተንሸራቷል። የቆመው ግማሽ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ውስጡን አውጥቶ ያሳያል። ከድንጋዩ ስንጥቅ ሣር በቅሏል። ሊዘሎተ ከቬርሳይ ለአክስቷ ስትጽፍ፣ እንቅልፍ በወሰዳት ቁጥር ሃይደልበርግ ወይም ማንሃይም ያለች እየመሰላት፣ ጥፋቱን እያየች በርግጋ እንደምትነቃ ነግራታለች። ያስፈረሰው ንጉሥ ደግሞ የባሏ ወንድም ነው፤ በአንድ ቤተ መንግሥት ይኖራሉ፤ በፊቱ ፈገግ ማለት ግዴታዋ ነው።

በ1615 ለሴት አያቷ ለኤልሳቤት ስቱዋርት በተሠራው በር ሥር ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ጎብኚው ሁሉ የሚጎርፈው 220,000 ሊትር ገደማ ወደሚይዘው የወይን ጠጅ በርሜል ነው፤ እርሱ ደግሞ በ1751 የተሠራ ነውና ሊዘሎተ አታውቀውም። እኔ ከበርሜሉ ይልቅ ሽቅብ ወደ ተራራው ማየት መረጥኩ። በእርጅናዋ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ልጅ ሳለች ማለዳ በአሥራ አንድ ሰዓት ተራራው ላይ ቼሪ በዳቦ ትበላ እንደነበር ታስታውሳለች። የቬርሳይን ማዕድ ስታማና የአገሯን ቋሊማና የኮመጠጠ ጎመን ስትናፍቅ ኖራለች።

ከሰዓት በኋላ ማንሃይም ወረድኩ። የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን በ1689 አውድሟት ስለነበር ሊዘሎተ የምታውቀውን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። አሁን የሚጎበኘው ሰፊ ቤተ መንግሥት ግንባታው የተጀመረው በ1720 ነው፤ እርሷ በ1722 ፓሪስ አጠገብ ሴን ክሉ ውስጥ ስታርፍ ገና አላለቀም ነበር።