214 ፎቶ፣ 131 ስም

ከኮሪያ ዘማቾች ቤት የምንመዘግበው ፎቶ ቅዳሜ ማታ ደብተሬን ስደምር 214 ደርሷል። በ131ዱ ላይ ቢያንስ የአንድ ሰው ስም ተገኝቷል። በጣም ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

አያቴ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት የላከችው የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበር። የኮሪያ ዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች በተሰባሰብንበት ማኅበር በበጎ ፈቃድ ሳገለግል አራት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ መዋጮ እሰበስብ ነበር፤ ከዚያ የበዓል ጥየቃ አስተባበርኩ። ዘይት፣ ዱቄት፣ ዶሮ ይዞ ቤት ለቤት መዞር። ዕድር ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። የፎቶው ሥራ ግን አሠራሬን ሁሉ ቀየረው።

በየዘማቹ ቤት ያለውን ፎቶ እናነሳለን፣ ማን እንደሆነና የት እንደተነሳ ጽፈን እናስቀምጣለን፤ ሥራው ይኸው ነው። ከ6 ሺህ በላይ ሰው ዘምቷል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም ከ90 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እኔ ግን የጀመርኩት በኮሚቴ ነው። ሰባት ሰው፣ 32 ጥያቄ ያለው ቅጽ፣ በየሳምንቱ ስብሰባ። ጥሩ ድምፅ መቅጃ እስኪገዛ ደግሞ ሦስት ሳምንት እንጠብቅ አልኩ። በመሃል ልንጠይቃቸው ከያዝናቸው አባቶች አንዱ አረፉ። ለቅሶ ስንደርስ ልጃቸው አልበሙን አወጣችልን። 40 ፎቶ፤ አንዱንም የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ስልኬ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ድምፅም ይቀዳል። እስካሁን ይቆጨኛል። ኮሚቴውን በዚያው ተውነው። አሁን ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው፤ አንዱ ያጫውታል፣ አንዱ ይጽፋል። ሽማግሌ ቤት ከዚያ በላይ ሰው ይዞ መግባት ባይሞከር ይሻላል ባይ ነኝ።

ቅጹም አልሠራም። «የት ነበሩ?» ስንል «ግንባር»፣ «ምን ሠሩ?» ስንል «የታዘዝነውን»። አለቀ። አንዱን «አባባ» ስላቸው «ሃምሳ አለቃ በይኝ ልጄ፤ አባባማ ያረጀ ሁሉ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማዕረግ ሳላጣራ ደጅ አልረግጥም።

ነገሩ የተፈታልን በአጋጣሚ ነው። ለጥየቃ አንዱ ቤት ስንሄድ ሌላ ዘማች እዚያ አገኘን። ፎቶውን መሃላቸው አስቀመጥኩ። «ይሄ እኮ እገሌ ነው» አሉ አንደኛው። «የለም፣ እሱ በሁለተኛው ቃኘው ነው የመጣው» አሉ ሌላው። ክርክሩ ተነሳ፤ እኔ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ባቡሩን እስከ ጅቡቲ፣ መርከቡን እስከ ፑሳን፣ ከዚያ በረዶውን፣ ጫማ ውስጥ የሚገባውን ብርድ፣ የወደቀ ጓዳቸውን እንዴት ተሸክመው እንዳወረዱ ሁሉንም አወሩት። አንድ ሰዓት ተኩል። አሁን ትልቁ ሥራዬ ሁለት ዘማች አንድ ቤት ማገናኘት ነው። ዋናው ራስ ምታቴም መኪና ያለው የማኅበር ልጅ መለመን ሆኗል።

ቀኑም አሠቃይቶናል። ከፎቶው ጀርባ በፈረንጅ 1952 ተጽፏል፣ ባለቤቱ «በ44 ነው» ይላሉ። አንድ የማኅበራችን ልጅ ሁሉንም ስምንት እየቀነሰ ሞላው። ግን በመስከረም፣ በጥቅምት፣ በኅዳር የተነሳ ከሆነ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ሻለቆቹ የዘመቱት በተራ ስለሆነ አንድ ዓመት ሲዛነፍ ሰውየው ካልዘመተበት ሻለቃ ጋር ይመዘገባል። ወደ 60 የሚጠጋ መዝገብ እንደገና ሠራን። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላስረዳው ነው የሰጠሁት። አሁን የተጻፈውን እንደተጻፈ፣ የተነገረውን እንደተነገረ በየዓምዱ እናሰፍራለን፤ ስሌቱ ኋላ ይመጣል።

ፎቶ ማንሳቱ ቀላል ነው። ፍላሽ አታብሩ፣ መስኮት አጠገብ ጥላ ፈልጉ፣ ጀርባውንም አንሱ። አልበም ላይ የተጣበቀውን አትላጡ። እስክሪብቶ ፎቶ ላይ አይሂድ፤ ቁጥሩን በእርሳስ ፖስታው ላይ ጻፉ።

«ፎቶ የለንም» ያላችሁን ቤት ደግሞ ተመለሱበት። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ብዙ ዘማች ፈርቶ ፎቶውን ደብቋል፣ ያቃጠለም አለ። አንዲት እናት ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ነው ከዱቄት በርሜል ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ዘጠኝ ፎቶ ያመጡልን።

ቁጥር 88 የአያቴ ነው። ለዕረፍት ጃፓን ሄደው የተነሱት፤ አራት ወጣቶች ፎቶ ቤት ውስጥ ቆመዋል። ሦስቱን አላውቃቸውም። በሕይወት እያለ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልጠየቅኩትም። ማክሰኞ ሃምሳ አለቃ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከኮተቤ ሌላ ዘማች ይመጡልናል። መኪና ተገኝቷል።