ጉድጓዱን ትቼ ጉብታው ላይ

መጀመሪያ የጥድ ችግኞቼን የተከልኩት ጎድጎድ ያለ ቦታ መርጬ ነበር። ውሃ ይይዝላቸዋል ብዬ። ተሸወድኩ። ዛፉ ተቆርጦ በተራቆተ ብርዳም መሬት ላይ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። ውርጩም አፈሩን እያሳበጠ ችግኙን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዱን በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው እንደ ካሮት ውልቅ አለ። አዲስ ነጭ ሥር የሚባል ነገር የለውም። አፈሩ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ሥር እምብዛም አያድግማ!

አሁን አፈሩን ገልብጬ ጉብታ እሠራለሁ። ወገብ ይቆርጣል፣ አልዋሽም። ግን ጉብታው ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃም አይተኛበትም። ታዲያ አፈሩ ሳይረጋ አልተክልም፤ ውስጡ ክፍተት ከቀረ ሥሩ ይደርቃል። ችግኙን ጠለቅ አድርጌ እተክልና ዙሪያውን በተረከዜ ጠቅጠቅ አደርገዋለሁ።