ምሳና ቡናን ያራራቅሁባቸው ስድስት ወራት

በደብረ ብርሃን ከተማ አስተማሪ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ሲጋመስ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን አጭር ዳገት ሳላርፍ መውጣት አቃተኝ። ትንፋሼ ይቆራረጥ፣ ጠመኔ ይዤ በቆምኩበትም ዓይኔ ይጨልም ነበር። የጾም ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። እናቴ ግን የታችኛውን የዓይኔን ሽፋን ሳብ አድርጋ አየችና «ልጄ፣ ደም የለሽም እኮ፤ ነገ ሳትውዪ ሳታድሪ ትመረመሪያለሽ» አለችኝ።

ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል የሆነው የሄሞግሎቢን ዝቅተኛ ልክ በዴሲሊትር 12 ግራም ሲሆን የእኔ 10.2 ሆኖ ተገኘ፤ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚለካው የፌሪቲን ምርመራም መንስኤው የብረት እጥረት መሆኑን አሳየ። ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ጤፍ በብረት የታወቀ እህል ነው፤ እኔም በቀን ሁለት ጊዜ እንጀራ በምስር፣ በሽሮና በጎመን እበላለሁ።

ሐኪሟ የመለሰችልኝ መልስ ስለ ምግብ የነበረኝን አስተሳሰብ ለወጠው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ብቻ ነው፤ አብዛኛው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን ይሸከማል። አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲያረጅ ሰውነት ብረቱን መልሶ ለአዲስ ሴል ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ በየቀኑ የሚተካው ጥቂት ሚሊ ግራም ቢሆንም፣ ሴት በወር አበባ የምታጣው ሲጨመርበት ጉድለቱ ይሰፋል። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በአንጀት በኩል በቀላሉ ያልፋል፤ ከእህልና ከቅጠል ከሚገኘው ግን የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። የጤፍም ብረት የተወሰነው ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ በመሆኑ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የቆጠርኩት የበላሁትን እንጂ ወደ ደሜ የገባውን አልነበረም።

ትልቁ እንቅፋት ቡናው ሆኖ ተገኘ። በቤታችን ቡና የሚፈላው ገና ምሳ ላይ ሳለን ነው፤ እጃችንን ታጥበን ሳናደርቅ አቦሉ ይቀዳል። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ከእህሉ ብረት ጋር አንጀት ውስጥ ይጣበቁና እንዳያልፍ ያግዱታል። ቡናው ወደ 10 ሰዓት ይዛወር ስል እናቴ «ምሳ ያለ ቡና ምኑን ምሳ ሆነ?» ብላ ተቆጣች፤ ሁለት ሳምንት ያህልም አኮረፈች። ማቆም እንዳልፈለግሁ፣ ማራራቅ ብቻ እንደሆነ ስታውቅ ግን ጎረቤቶቹን ራሷ በ10 ሰዓት መጥራት ጀመረች።

ሁለተኛው ለውጥ ሊጥ ላይ ነበር። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትን ይይዛል፤ እርሾው ሊጡን ሲያብላላው ፋይቴቱ እየተሰባበረ ይቀንሳል። አፍለኛ እንጀራ እወድ ነበር፤ አሁን ሊጡን ሦስት ቀን አቆየዋለሁ። ምስሩንም ከእሳት ካወጣሁ በኋላ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም በጎን አቀርባለሁ። ቫይታሚን ሲ ብረቱን አንጀት ወደሚቀበለው ዓይነት ይለውጠዋል፤ ሙቀት ስለሚያጠፋው ግን ከወጡ ጋር መቀቀል አይገባም።

ሐኪሟ ባዘዘችልኝ የብረት እንክብል ላይ ጥፋት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ጠዋት ከሻይ ጋር ዋጥኩት፤ ከዚያ ሆዴን ሲያመኝ ለማንም ሳልናገር ዘጠኝ ቀን ተውኩት። ተመልሼ ስነግራት ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ አንድ ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ አዘዘችኝ። አንድ እንክብል ከተወሰደ በኋላ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን አብዝቶ ስለሚያመነጭ፣ አንጀት ለአንድ ቀን ያህል ብረት የሚቀበልበትን በር ያጠብባል፤ የማግስቱ እንክብል አብዛኛው ለሆድ ሕመም ብቻ የሚተርፍ ነበር ማለት ነው። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ መሆኑንም የነገረችኝ ያን ዕለት ነው፤ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ሥጋት ይቀርልኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ሥጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ ሥጋ የራሱን ብረት ከመስጠቱም በላይ አብሮት የተበላውን የእህል ብረት መግባት ያግዛል። በሦስተኛው ወር ሄሞግሎቢኔ 12.8 ደረሰ። ዳገቱን ያለ ዕረፍት ብወጣም ሐኪሟ ሦስት ወር እንድጨምር አስገደደችኝ፤ ሰውነት መጀመሪያ ደሙን ይሞላና ማከማቻውን የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነውና።

በመስከረም ሕክምናዬን ስጨርስ ጥቂት እንክብሎች ተርፈው ነበር። እንደ እኔ የምትደክም ጎረቤቴ ልውሰዳቸው ብላ ጠየቀችኝ። ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወጣበት መንገድ እንደሌለው፣ ድካምም ሁሉ ከብረት እጥረት እንዳልሆነ ነግሬ ከለከልኳት፤ በማግስቱም ለምርመራ አብሬያት ሄድኩ።