ባለ አግራፉ ሊቅ

ጥር ገብቷል። ደብረ ማርቆስ በጥር ሠርግ በሠርግ ናት። እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሠርግ ካርድ ነው የምሠራው። "ልጆቻችንን ስለምንድር" የሚለውን ከገዛ ስሜ የበለጠ ጽፌዋለሁ።

የምሠራበትን ኮምፒውተር የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ከሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ ግራፊክስ ካርዱ ጌም ከተወ ልጅ የተገኘ ነው። አዲስ የገዛሁት ኬዙን ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ከኬዙ ጋር በነጻ መጣ። ጎኑ ላይ "500 ዋት" ይላል። ሳነሳው ግን እንደ ባዶ የብስኩት ካርቶን ቀለለኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። በነጻ የመጣን ነገር ማን ይጠረጥራል?

አንድ ዓርብ ከሰዓት የሙሽራዋን ስም ወርቃማ እያደረግሁ ሳለ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። መብራት ሄደ እንዳልል አምፖሉ በርቷል። ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፣ ግን እሱ የሰፈራችን አምፖል አመሉ ነው። መልሼ አበራሁት፤ ተነሳ። ካርዱን ስከፍት እንደገና ድርግም።

ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። ገና "ሄሎ" ሳልል "ራም ነው፣ አውጣና በላጲስ ፈትገው" አለኝ። ለነገሩ እሱ ለሁሉም የሚያዘው ይህንኑ ነው። የኮምፒውተር ጠበል ላጲስ ነው። ማታ ላይ ራሞቹን አወጣሁና ወርቃማ ጥርሳቸው እስኪያበራ ፈተግኋቸው። ተነሳ! ቅዳሜ ሠራ፣ እሑድ ሠራ፣ ሰኞ ሠራ። በላጲሱ ሰፈር ውስጥ መመጻደቅ ጀመርኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት ድርግም።

ከዚያ ያልቀየርኩት ነገር የለም። የማዘርቦርዷን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ቀየርኩ። ለምን እንደቀየርኳት አትጠይቁኝ። አቧራ ጠረግሁ። ዲቫይደር ለወጥኩ። በመጨረሻ ሳነብ አድሬ ስለ አግራፍ ተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ትልቁ ሶኬት 24 ቀዳዳ አለው። በመካከሉ አንዲት አረንጓዴ ገመድ አለች፤ ብቸኛ ናት። ጥቁሮቹ ግን ብዙ ናቸው። የኮምፒውተሩን ማብሪያ ስንጫን ማዘርቦርዱ የሚያደርገው ያችን አረንጓዴ ከጥቁሩ ጋር ማገናኘት ነው። እናም ፓወር ሰፕላዩን ከሁሉም ነገር ነቅሎ፣ አግራፍ ዘርግቶ፣ አንዱን ጫፍ አረንጓዴው ውስጥ፣ ሌላውን ጥቁሩ ውስጥ መክተት። ፋኑ ከዞረ ሕይወት አለው።

የዕቁብ ደብተር ላይ የነበረውን አግራፍ ነቀልኩ። ዘረጋሁት። እጄ ይንቀጠቀጣል። ከተትኩ፤ ሰካሁ። ፋኑ ዞረ! ከመብራት ሠራተኛ ጎረቤቴ መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ተውሼ ገመዶቹን ለካሁ። ቢጫው 12.1፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3። ሁሉም ልክ።

"ፓወር ሰፕላዩ ንጹሕ ነው" ብዬ ፈረድኩ። ጭነት የሌለባትን በቅሎ አይቶ ጉልበቷን እንደ መመስከር መሆኑን ያን ጊዜ ማን ነገረኝ? አንዲት ፋን ማዞርና ፕሮሰሰር ከነግራፊክስ ካርዱ መሸከም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። እኔ ግን ባለ አግራፍ ሊቅ ሆኛለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ንጹሕ ከሆነ የቀረው ተጠርጣሪ ማዘርቦርዱ ነው።

የሁለት ሠርግ ካርድ ገቢዬን ይዤ ከአዲስ አበባ ማዘርቦርድ አስመጣሁ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ፣ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ቅዳሜ ገጠምኩት። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ሠራ።

ማክሰኞን እናንተው ሙሉት።

ሠርጉ ደርሷል። የሙሽራው አባት በቀን ሦስቴ ይደውላሉ። "አንተ ልጅ፣ ካርዱ ከልጅ ልጄ ክርስትና በፊት ይደርሳል?" ይሉኛል። ዓርብ ዕለት ጓደኛዬ ከጓዳው አንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ አወጣልኝ። "ድሮ የተሠራ ነው፣ ብረት ነው!" አለ። እውነቱን ነው፣ ከባድ ነው። ተምሬያለሁና መጀመሪያ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ በአግራፍ ልሞክረው አልኩ።

ከኋላው አንዲት ትንሽ ቀይ ማብሪያ ነበረች። ላይዋ "115" ይላል። ሞዴል ቁጥሩ መሰለኝ።

ሰካሁ።

ድምፁን ልጽፈው አልችልም። ሰማያዊ ብልጭታ፣ ነጭ ጭስ፣ የተቃጠለ ዓሣ የሚመስል ሽታ። ለካ ያች ቀይ ነገር የአገር መምረጫ ናት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ 115 ላይ ከተተወች ማሽኑ የገባውን እጥፍ ያደርገዋል። ውስጡ ያሉት ሁለት ድስት ድስት የሚያህሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ላያቸው ላይ 200 ቮልት ተብሎ ተጽፎ እያንዳንዳቸው 300 ገደማ ይጋታሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንግዲህ የሆነው ነው። የቆጣሪው ማብሪያ ወርዶ ቤቱ በሙሉ ጨለመ።

እናቴ ከማድ ቤት በረረች። አንድ እጇ ሊጥ ነው፣ በሌላኛው የጠበል ጀሪካን ይዛለች።

"በማርቆስ! ልጀ! ምን ሁነህ ነው?"

ጀሪካኑን ወደ ጠረጴዛው ስታነሳው አየሁ።

"እማ፣ ተይ! ኤሌክትሪክ ነው! ውኃ አይሆንም!"

"ውኃ ማን አለህ? ጠበል ነው!"

ገመዱን ነቅዬ ከጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። ጠበሉን እኔ ጠጣሁ። ደግነቱ ከአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ሌላ የሞተ አልነበረም፤ እሱም ብቻውን ነበር የተሰካው። ጭሱ ሲገለጥ እናቴ እንዳልሞትኩ አረጋግጣ ወዲያው ተቆጣች።

"እንጀራየን ምጣድ ላይ ጥሬውን አስቀረህብኝ! እኔ ስንቴ ያንተን ሳጠፋብህ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣህም ብየ ስመርቅህ!"

"ምኔን ነው የምታጠፊው?"

"ያችን ሰማያዊ መብራትህን ነዋ። ምጣዴን በሰካሁ ቁጥር ድርግም ትላለች፣ በመስኮት ትታየኛለች። ለኔ መብራቱን የምትለቅልኝ መስሎኝ፣ 'ይህ ልጅ ለእናቱ ያስባል' እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።"

ዝም አልኩ። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ማክሰኞና ዓርብ ነው።

በማግስቱ ምጣዱን አስሰካኋትና መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ ከተትኩ። ከመሰካቱ በፊት 218፤ ከተሰካ በኋላ 174! ወደ 3500 ዋት የሚበላ ምጣድ በዚያ በቀጭን ገመዳችን ሲጎትት ሌላው ቤት ያነክሳል። አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ቢሆን ምናልባት ይችለው ነበር። የኔው በነጻ የመጣው ግን የለም።

አንድ ሙሉ ቀን ሳይሰካ አሳድሬ ፈታሁት። ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በአግራፍ ሊቅነት የሚደፈር አይደለም። ካፓሲተሮቹ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል። ከአንዱ ሥር ቡናማ ነገር ፈስሶ ደርቋል። ለሰከንድ ሽራፊ እንኳ ጉልበት የሚያቆይ ነገር አልቀረውም። ፋን ግን ያዞራል። ፋንማ እስከ ዛሬ ያዞራል።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ይህኛው ይከብዳል፤ ቀይ ማብሪያም የለውም። ካርዱ ከሠርጉ አራት ቀን ቀድሞ ወጣ። የሙሽራው አባት ሲረከቡኝ ገለጥ አድርገው አዩና "ክርስትናውንም ከአሁኑ ጀምርልኝ" አሉኝ። አዲሱ ማዘርቦርድ ቦታው ላይ አለ፤ ምንም ያልበደለው አሮጌው አልጋዬ ሥር ተኝቷል።

ማክሰኞ ደረሰ። ምጣዱ ተሰካ። አምፖሉ ደበዘዘ። ኮምፒውተሬ ንቅንቅ አላለም። በደስታ ልጮህ ስል የማድ ቤቱ መስኮት ተከፈተ።

"ልጀ?"

"አቤት እማ።"

"ዛሬ ምን አድርጌህ ነው የማታጠፋልኝ?"

ለማስረዳት ሞከርኩ። ቮልት አልኩ፣ ካፓሲተር አልኩ። ሰማያዊዋን መብራት ብቻ ነው የምታየው። ፊቷ ቅር ብሎታል።

ፋይሌን ሴቭ አደረግሁና በእጄ አጠፋሁት።

"ተባረክ!" አለችና መስኮቱን ዘጋች።